ደካሞቹን ብቻ ከልሎ ሌላውን መልቀቅ ይቻል ነበር ወይ?

ጥያቄ አለኝ

ሰላም ለዚህ ቤት። ከጓደኛዬ ጋር የጀመርነው ክርክር ሊያጣላን ስለደረሰ እናንተ ዳኙን። ጉዳዩ የኮሮናው ሎክዳውን ነው። እሱ እንደሚለው ያ ሁሉ ሕዝብ ቤቱ መዘጋት አልነበረበትም። አረጋውያንንና ጽኑ ሕመም ያለባቸውን ጠበቅ አድርጎ መከለል፣ ሌላውን ወደ ሥራውና ወደ ትምህርቱ መልቀቅ፣ አለቀ።

ማስረጃው ዕድሜ ነው። እውነትም በሽታው ዕድሜ ይመርጥ ነበር። ክትባት ሳይመጣ በ2020 በተሠራ ስሌት፣ ከተያዙ የ25 ዓመት ወጣቶች የሚሞተው ከ10,000 አንድ ገደማ ነው። በ85 ዓመት ግን ከ100 ሰው 15 ገደማ። «ልዩነቱ ይህን ያህል ከሆነ ሁሉንም በአንድ ገመድ ማሰር ምን የሚሉት ነው?» ይለኛል። እኔ የሆነ ነገር አልዋጥልኝ ብሏል። ምን እንደሆነ ግን አፍታትቼ መናገር አቃተኝ። እስቲ አግዙኝ።

(ዓመተ ምሕረቱን እንደ ፈረንጆቹ ብናደርገው እንግባባለን።)

ቁጥር ወዳድ

ጓደኛህ ብቻውን አይደለም። በኦክቶበር 2020 ሦስት ፕሮፌሰሮች ይህንኑ ሐሳብ በመግለጫ አውጥተውታል። ያኔ የስታንፎርዱ ጄይ ባታቻርያ፣ የኦክስፎርዷ ሱኔትራ ጉፕታና የሃርቫርዱ ማርቲን ኩልዶርፍ ነበሩ። የፈረሙት አሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ ግሬት ባሪንግተን በምትባል ከተማ ስለሆነ መግለጫው በእሷ ስም ይጠራል። ሐሳቡን «ያነጣጠረ ጥበቃ» አሉት። አደጋው ዝቅ ያለበት ሰው እንደ ወትሮው ይኑር፤ ሲያዝም አገግሞ የመከላከል አቅም ያዳብር፤ ያ አቅም በሕዝቡ ውስጥ ሲበዛ ደካሞቹም ይተርፋሉ ነው ነገሩ።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ሌሎች ሳይንቲስቶች «የጆን ስኖው ማስታወሻ» ብለው ላንሴት መጽሔት ላይ መልስ ጻፉ። ዶክተር ቴድሮስ አድኃኖምም በዚያው ሰሞን ተቃወሙ። ሕዝቡ ተይዞ አቅም ያዳብር የሚል ስልት በሕዝብ ጤና ታሪክ ወረርሽኝን ለመመከት ተሠርቶበት አያውቅም አሉ።

እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው። መግለጫው በጣም አጭር ነው። ከዚያችው ውስጥ «እንዴት አድርገን ነው የምንጠብቃቸው?» ለሚለው የተሰጡት መስመሮች ጥቂት ናቸው። የመጦሪያ ሠራተኞች በሽታው ይዟቸው የዳኑ ይሁኑ ይላል። የቀሩት ሠራተኞችና ጠያቂዎች ቶሎ ቶሎ ይመርመሩ፣ ሠራተኛ አይቀያየር፣ ቤታቸው ላሉ ጡረተኞች አስቤዛ ይድረሳቸው፣ ከዘመድ ጋር ሲገናኙ ደጅ ይሁን ይላል። ብዙ ትውልድ አብሮ ስለሚኖርበት ቤት ሲደርስ ደግሞ ዝርዝሩን የጤና ባለሙያዎች ማውጣት ይችላሉ ብሎ ያልፈዋል። ዋናው ሥራ እኮ እሱ ነበር!

የሌሊት ተረኛ

የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ተንከባካቢ ነኝ። ያኔም እዚያው ነበርኩ። «መከለል» ሲባል ሰው ምን እንደሚታየው አላውቅም። ምናልባት ወፍራም በር። እኔ የሚታየኝ የራሴ እጅ ነው።

አንድ ሌሊት ላሳያችሁ። ለአንድ ፎቅ ሁለት ሰው ነን። ራሳቸውን መገልበጥ የማይችሉትን በየተወሰነ ሰዓት እንገለብጣለን፣ የአልጋ ቁስል እንዳያወጡ። ዳይፐር እንቀይራለን፣ መድኃኒት እናስውጣለን። ይህን ሁለት ሜትር ርቀህ አትሠራውም። ሰውየውን አቅፈህ ነው የምታነሳው፣ ትንፋሹ አንገትህ ላይ ነው። አንዲት የመርሳት ሕመም ያለባቸው እናት ነበሩ። ማስክ ሳደርግ ማን እንደሆንኩ አያውቁም፣ ይፈራሉ። እጃቸውን ዘርግተው ማስኬን ወደ ታች ይስቡና አፌን ሲያዩ ይረጋጋሉ። ክፍልዎ ይቀመጡ ቢሏቸው ደግሞ አይገባቸውም። ተነስተው የሰው ክፍል ይገባሉ፣ የሰው አልጋ ላይ ይቀመጣሉ። በር ይቆለፍባቸው?

አብራኝ የምትሠራዋ ልጅ ሁለት ቦታ ነበር የምትሠራው። አንዱ ቤት ሙሉ ሰዓት አይሰጣትማ። ስታስል ብትቀር የዚያ ቀን ደሞዝ የለም። ስለዚህ ኪኒን ውጣ ትመጣለች። ይህንን የምጽፈው እሷን ለመክሰስ አይደለም፣ ማንም በእሷ ቦታ ቢሆን ይመጣ ነበር። ወጣቱ በሙሉ ይለቀቅ ሲባል እኛም ወጣት ነን። ከለቀቁት መሀል ውለን ከከለሏቸው ጋር ነው የምናድረው።

ያቺ «ይዟቸው የዳኑ ሠራተኞች» የምትለዋ ደግሞ አሳቀችኝ። ከየት ነው የሚመጡት? መጀመሪያ መያዝ የለባቸውም እንዴ? የት ሆነው ሊያዙ ነው?

ነገረኛው

እሺ፣ ስዊድንስ? ማንም ስዊድንን መጥራት አይፈልግም። ሎክዳውን አላደረገችም፣ አልጠፋችም።

አያት ነኝ

ልጆቼ፣ እኔ 71 ዓመቴ ነው፣ ስኳርም አለብኝ። ስለዚህ የምታወሩት ስለ እኔ ነው። አንድ ነገር ብቻ ልበል። ሁሉም ስለ እኛ ሲወስን እኛን የጠየቀ አልነበረም። የሚዘጋውም «ለእናንተ ብዬ» ይላል፣ የሚከፍተውም «እናንተን ከልዬ» ይላል።

እኔ የምኖረው ከልጄና ከልጅ ልጆቼ ጋር ነው። እነሱ ተለቅቀው እኔ ስከለል የምገባበት ሌላ ቤት የለኝም። አንድ መታጠቢያ ቤት ነው ያለን።

ጥያቄ አለኝ

እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ «ደካሞቹ» ብዬ ርዕስ የሰጠሁት በክፋት አልነበረም።

አያት ነኝ

አባባ ነኝ። ርዕሱን ተወው፣ ጉልበቴ እንደሆነ ደክሟል።

ተማሪ ቤት

አባባ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ስለ ልጅ ልጆቹም ማንም አልጠየቀም። እኔ አስተማሪ ነኝ፣ በዚህ ነገር ደሜ ይፈላል። ዩኔስኮ እንደቆጠረው በኤፕሪል 2020 ትምህርት ቤት የተዘጋባቸው ተማሪዎች 1.6 ቢሊዮን ገደማ ነበሩ። ኡጋንዳ ትምህርት ቤቶቿን ሙሉ በሙሉ የከፈተችው ጃንዋሪ 10 ቀን 2022 ነው። ሁለት ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ብዙ ልጆች በዚያው ቀሩ። ሴቶቹ ተዳሩ፣ ወለዱ፤ ወንዶቹ ሥራ ጀመሩ። ልጅ ፊደል የሚለይበት ዕድሜ አለው፣ «ቆይ ወረርሽኙ ይለፍ» ብለህ አታቆየውም።

ሕንድ ደግሞ አለች። ማርች 24 ቀን 2020 ማታ ታወጀ፣ እኩለ ሌሊት ላይ ጀመረ። የአራት ሰዓት ማስጠንቀቂያ፣ ከ1.3 ቢሊዮን በላይ ለሆነ ሕዝብ! የቀን ሠራተኛው ሥራ የለ፣ ትራንስፖርት የለ፣ ልጁን ተሸክሞ በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር በእግሩ ወደ ቀዬው ሄደ። ያ ሰውዬ ተጋላጭ አይደለም? «ተጋላጭ» ስንል ለምን ሁልጊዜ ሳንባ ብቻ ነው የምናየው?

ስለዚህ የ«ጥያቄ አለኝ» ጓደኛ ያለ ምክንያት አልተነሳም። የቤት ውስጥ ቆይታ ላፕቶፕ ላለው ሰው ነው የተመቸው።

ቁጥር ወዳድ

ለነገረኛው፦ እንጥራት እንጂ። ስዊድን ምንም አላደረገችም የሚለው ተረት ነው። ማርች መጨረሻ ላይ ከ50 ሰው በላይ መሰብሰብ ተከልክሏል። ሁለተኛ ደረጃና ዩኒቨርሲቲ ወደ ርቀት ትምህርት ሄደዋል። ከ16 ዓመት በታች ላሉት ግን ትምህርት ቤት ክፍት ነበር። ይህቺን ለተማሪ ቤት እሰጣለሁ፣ በእኔ እምነት የስዊድን ትልቁ ትክክል እሱ ነው። ከኤፕሪል 1 ጀምሮ ደግሞ መጦሪያዎች ሄዶ መጠየቅ በአገር ደረጃ ተከለከለ።

ማለትም ከሞላ ጎደል የጓደኛው ዕቅድ ነበር። አረጋውያንን ከልል፣ ሌላውን ልቀቅ። ውጤቱስ? በመጀመሪያው ማዕበል ከሞቱት ግማሽ ያህሉ የመጦሪያ ነዋሪዎች ሆኑ። ዲሴምበር 2020 ላይ መንግሥት ያቋቋመው ኮሚሽን አረጋውያንን መጠበቅ እንዳልተቻለ በግልጽ ጻፈ። ንጉሡ ራሳቸው «አልተሳካልንም» አሉ። ኮሚሽኑ ሁለት ምክንያት ነው ያስቀመጠው። አንዱ ቫይረሱ በኅብረተሰቡ ውስጥ በሰፊው መሰራጨቱ። ሌላው በመጦሪያዎቹ የነበረ የቆየ ችግር፦ የሠራተኛ እጥረት፣ በሰዓት የሚከፈለው ሠራተኛ መብዛት። የሌሊት ተረኛ የምትለውን ቃል በቃል።

ግን ፍርዱ እዚህ አያልቅም። በ2020 ስዊድን ውስጥ ከሕዝቡ ቁጥር አንጻር በኮሮና የሞተው ሰው ከኖርዌይና ከፊንላንድ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። እስከ 2022 መጨረሻ ያሉትን ዓመታት አንድ ላይ ደምረህ ከወትሮው በላይ የሞተውን ስታሰላ ደግሞ ስዊድን ከአውሮፓ ዝቅተኛዎቹ ውስጥ ትገባለች። ሁለቱም እውነት ነው። አንዱን ብቻ ነጥሎ የሚያመጣ ሰው እየሸጠልህ ነው።

ነገረኛው

ስለዚህ አልጠፋችም። አመሰግናለሁ።

ማዕበል ቆጣሪ

ዘግይቼ ነው የደረስኩት። ሥራዬ የተላላፊ በሽታ መረጃ ላይ ነው። ሁለት ነገር ልጨምር።

አንደኛ፣ ስንት ሰው ነው የሚከለለው? በ2020 በታተመ ስሌት ከዓለም ሕዝብ 22 በመቶው፣ ማለትም 1.7 ቢሊዮን ሰው፣ ኮሮናን የሚያከብድ ቢያንስ አንድ ሕመም አለበት። ቢያዙ ሆስፒታል የሚያስተኛቸውን ብቻ ነጥለህ ብትቆጥር እንኳ 349 ሚሊዮን ናቸው። እንግሊዝ ሞክራዋለች። ለ2.2 ሚሊዮን ገደማ ሰው «ከቤት አትውጡ» የሚል ደብዳቤ ላከች። ከዚያ በፌብሩዋሪ 2021 አዲስ ስሌት ስትሠራ ሌላ 1.7 ሚሊዮን ሰው ዝርዝሩ ውስጥ መግባት ነበረበት ተባለ። አንድ ዓመት ሊሆነው ሲል ማለት ነው። ያ ሁሉ ሰው እስከዚያ ድረስ ከሚለቀቁት ወገን ነበር።

ሁለተኛ፣ ምልክት ሳያሳዩ ማስተላለፍ። አሜሪካ በዋሽንግተን ግዛት አንድ መጦሪያ ውስጥ በማርች 2020 ያመመውንም ያላመመውንም ነዋሪ ሲመረምሩ 48ቱ ቫይረሱ ተገኘባቸው። ከእነሱ 27ቱ በዚያ ሰዓት አንድም ምልክት አልነበራቸውም። ሙቀት ለክቶ ማስገባት፣ ያሳለውን መለየት፣ እነዚህ ብቻቸውን አይበቁም ነበር ማለት ነው። ሁሉንም ሰው ቶሎ ቶሎ መመርመር ያስፈልጋል። ያኔ ደግሞ ምርመራው ለሆስፒታልም አልበቃም።

ዕቅዱም ሳይታሰብበት የቀረ አይደለም። ማርች 16 ቀን 2020 የወጣው የለንደኑ ኢምፔሪያል ኮሌጅ ስሌት ውስጥ አለ። የታመመውንና ቤተሰቡን ለይቶ፣ ከ70 በላይ ያሉትን ከልሎ፣ ሌላው ይቀጥል ቢባል፣ ሞቱ በግማሽ ይቀንሳል አለ። ግን የቀረው ግማሽም ለብሪታንያ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ነው፣ የጽኑ ሕሙማን አልጋም በብዙ እጥፍ ያንሳል። ስሌት ነውና ልትከራከርበት ትችላለህ። እኔም ብዙ ቦታ ላይ እከራከረዋለሁ። ግን «ማንም አላሰበበትም» አይባልም።

«ይያዝና አቅም ያዳብር» የሚለውን ደግሞ ማናውስ ጨረሰችው። ብራዚል ውስጥ ያለች ከተማ ነች። በ2020 አብዛኛው ነዋሪ ተይዟል ተብሎ ተገምቶ ነበር። በጃንዋሪ 2021 እንደገና ተመታች፣ ኦክሲጅን አለቀ፣ ሰው ሆስፒታል ውስጥ ታፍኖ ሞተ።

ተማሪ ቤት

እሺ ማዕበል ቆጣሪ፣ ታዲያ ሎክዳውኑ ራሱ አረጋውያኑን አዳናቸው? እሱን ንገረኝ።

ማዕበል ቆጣሪ

ብቻውን? አይ። ጥያቄህ ጥሩ ነው፣ እኔንም የሚያንገበግበኝ እዚያ ላይ ነው።

እንግሊዝ ሎክዳውን ያወጀችው ማርች 23 ነው። ከማርች 17 እስከ ኤፕሪል 15 ባለው ጊዜ 25,000 ያህል ሰዎች ከሆስፒታል ወደ መጦሪያ ተላኩ። አልጋ ለማስለቀቅ ነው። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። ሁሉም ይመርመሩ የሚለው መመሪያ የመጣው ኤፕሪል 15 ላይ ነው። አገሩ በሙሉ ቤቱ ተቀምጦ ሳለ በሽታው በአምቡላንስ ወደ መጦሪያ ሊገባ ይችል ነበር ማለት ነው። በ2022 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ያ አሠራር ሕገ ወጥ ነበር አለ፤ ምልክት ከሌለው ሰው የሚመጣውን አደጋ ከግምት አላስገባም ብሎ። ካናዳም ያው ነው። በመጀመሪያው ማዕበል ከ10 ሟች 8ቱ ገደማ ከእንክብካቤ ቤቶች ነበሩ። ጦር ሠራዊት ገብቶ ነው አረጋውያኑን ያበላውና ያጠበው። ስፔን ውስጥ ደግሞ ወታደሮች መጦሪያ ሲገቡ አልጋቸው ላይ ሞተው የተተዉ ሰዎች አገኙ።

እና እኔ የምለው ይህ ነው። ሁለቱ ጎራ «ዝጋ» እና «ከልል» እየተባባለ ሲጨቃጨቅ፣ የመከለሉን ሥራ የሠራ ጠፋ። ዘጊዎቹ መዝጋት ራሱ መከለል መሰላቸው። ከፋቾቹ መከለልን አንድ አረፍተ ነገር አድርገውት አለፉ። ሎክዳውን የሚሰጥህ ጊዜ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ልዩ መልዕክተኛ ዴቪድ ናባሮም በኦክቶበር 2020 እንደ ዋና መሣሪያ እንዳንጠቀምበት የመከሩት ለዚህ ነው። ጊዜ ለመግዛት፣ አቅምን መልሶ ለማደራጀት፣ የደከሙትን የጤና ሠራተኞች ለማሳረፍ ነው ያሉት። በገዛኸው ጊዜ ለመጦሪያው ሠራተኛ የሕመም ፈቃድና ምርመራ ካላዘጋጀህ በከንቱ ከፈልክ።

ሲደረግም ቀደም ብሎ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል። ኒውዚላንድ ማርች 25 ቀን ስትዘጋ ገና አንድም ሰው አልሞተባትም ነበር። ቶሎ ዘጋች፣ ቶሎ ከፈተች፣ ልጆቹም ተማሩ። ዘግይቶ የዘጋ ረጅም ይዘጋል።

ነገረኛው

ኒውዚላንድ ደሴት ናት ወዳጄ።

ማዕበል ቆጣሪ

ናት። ብሪታንያም።

አያት ነኝ

ይህንን ወድጄዋለሁ።

የሌሊት ተረኛ

ማዕበል ቆጣሪ የሕመም ፈቃድ ያለው ላይ ልጨምር። የሠራ ቦታ አለ። ካናዳ ውስጥ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ የምትባለው ክፍለ ሀገር ገና በማርች 2020 አንድ ተንከባካቢ አንድ መጦሪያ ብቻ ይሥራ ብላ አዘዘች። ዋናው ነገር ግን ትዕዛዙ አይደለም። ሰዓቱንና ክፍያውን አስተካከለች። ዝቅ የሚከፍለው ቤት ከፍ ከሚከፍለው ጋር እኩል እንዲሆን መንግሥት ልዩነቱን ሸፈነ። አለበለዚያማ ሁሉም ሠራተኛ የሚሻለውን መርጦ ሌላው ቤት ባዶውን ይቀር ነበር። ይህን ያሰበ ሰው የእኛን ሥራ ያውቃል።

ስለ መጠየቅ መከልከሉ ደግሞ አልተነሳም። ያ በጣም ረዘመ። ሰው የሚኖረው ለመተንፈስ ብቻ አይደለም። እኛ ጋ ባሏ በመስኮት የሚጠይቃት አንዲት ሴት ነበረች። እሱ ከውጭ ስልክ ይዞ፣ እሷ ከውስጥ። ስልኩን ጆሮዋ ላይ የምይዝላት እኔ ነኝ። ድምፁ ከስልኩ እየመጣ ፊቱ መስኮቱ ላይ ሲሆን ግራ ይገባታል፤ ስልኩን ታያለች፣ መስኮቱን ታያለች። ቆይቶ መብላት ተወች። የሞት ወረቀቷ ላይ ኮሮና አልተጻፈም።

ሆላንዶች በሜይ 2020 ነገሩን በጥንቃቄ ሞክረዋል። 26 መጦሪያዎች መረጡ፣ ለእያንዳንዱ ነዋሪ አንድ ቋሚ ጠያቂ ፈቀዱ፣ በደንብ ተከታተሉት። ጥሩ ስለሄደ ብዙም ሳይቆይ ለሌሎቹም ተፈቀደ። ሌላው አገር ግን ወራት አለፉበት።

ተማሪ ቤት

እዚህ ላይ እንስማማለን። ግን የትምህርት ቤቱን ዕዳ ማንም አልመለሰልኝም። «ጊዜ ገዛን» ትላላችሁ፤ የተገዛው ከልጆቹ ኪስ ነው። በብዙ ቦታ መጠጥ ቤት ተከፍቶ ትምህርት ቤት ዝግ ነበር። ያ የማን ሳይንስ ነው?

ቁጥር ወዳድ

የማንም አይደለም። ልጅ ድምፅ አይሰጥም፣ ግብርም አይከፍልም።

ለጓደኛህ አንድ የመጨረሻ አገር ልስጥህ፣ ጥያቄ አለኝ። ሆንግ ኮንግ። በ2003 በሳርስ፣ በኮሮና ዘመድ በሆነ የሳንባ በሽታ፣ ስለተመታች መጦሪያዎቿ ገና ከጅምሩ ተዘጋጅተው ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ የሞተባት ሰው 200 ገደማ ብቻ ነው። ክትባቱ ሲመጣ ግን ከ80 ዓመት በላይ ያሉት አብዛኞቹ አልተከተቡም። በሽታው የለም፣ ምን ያስቸኩላል ተባለ። በ2022 መጀመሪያ ኦሚክሮን የተባለው አዲስ የቫይረሱ ዝርያ ሲገባ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ9,000 ሰው በላይ ሞተ፣ ብዙዎቹ እነዚያው ያልተከተቡ አረጋውያን። ጥብቅ ገደቡም ከለላውም ነበራት። በገዛችው ጊዜ ሽማግሌዎቹን አልከተበችም።

ጥያቄ አለኝ

ያልተዋጠልኝ ነገር አሁን ገባኝ። ጓደኛዬ «ይከለሉ» ሲል የሚከልላቸውን ሰው አልቆጠረም። ይህን ውይይት ልኬለት አንብቦታል። የመጦሪያ ሠራተኞቹ ነገር አሳስቦታል፣ መልስ የለኝም ብሏል። «ስዊድን ላይ ግን አልተረታሁም፣ ትምህርት ቤት ላይ ደግሞ አስተማሪው የእኔ ወገን ነው» ይላል። ዛሬ ማታ አካውንት ከፍቶ ራሱ ይመጣል።

ተማሪ ቤት

የማንም ወገን አይደለሁም በለው። ግን ይምጣ።

ቁጥር ወዳድ

ይምጣ። የስዊድኑን ኮሚሽን የ2022 የመጨረሻ ሪፖርት ግን እስከ ታች አንብቦ ይምጣ። ሙሉ ሎክዳውን አለማድረጋችሁ በጥቅሉ ትክክል ነበር ይላል፣ ይህቺን እንደሚወዳት አውቃለሁ። ቀጥሎ ደግሞ መጀመሪያ ላይ ጠንከር ያለ እርምጃ በቶሎ መውሰድ ነበረባችሁ ይላል። እሷንም ይዞ ይምጣ።